ካቻቢቴዬን ለቀሙኝ ጋሼ ምስጋና

ይህን ምስጋና ሳልጽፈው መቆየቴ አሳፍሮኛል።

እኛ አዲስ አበባ ውስጥ ኢንቨርተርና ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ከባትሪ ኃይል የሚሰጡ ዕቃዎች) እንጠግናለን። አንድ ደንበኛ የመለኪያ ዕቃዎቻችሁን የካሊብሬሽን (በትክክል መለካታቸውን የማረጋገጫ) ሠርተፍኬት ካላመጣችሁ ሥራ አልሰጥም አለን። እንዳሉ ጠቅልለን ወደ ላቦራቶሪ ላክናቸው። ዋናው መልቲሜትር (ቮልት፣ አምፔርና ኦም መለኪያው) አምፔር አይለካም ተብሎ ተመለሰ። ጥፋቱ የኛው ነው።

በሰው በሰው ጋሼን አገኘኋቸው፤ ጡረታ የወጡ ቴክኒሻን ናቸው። መልቲሜትሩ ፍሉክ 87 ፋይቭ ነው። ሳይከፍቱት፣ ኦም ላይ አድርገው፣ ከቮልት ቀዳዳ የወጣውን ገመድ ጫፍ አምፔር ቀዳዳ ውስጥ ከተቱት። ፊውዙ ደህና ቢሆን ንባቡ ከ0.5 ኦም አይበልጥም ነበር። ምንም የለም፤ ተቃጥሏል። ሲከፍቱት ደግሞ ባሰ። በሌላው፣ በ440 ሚሊአምፔር፣ 1000 ቮልት ፊውዝ ቦታ አንዱ ልጃችን ትንሽዬ የሬዲዮ ፊውዝ በሽቦ አስሮ አስገብቷል። ጋሼ ዝም ብለው አዩት። ከዚያ «ይሄ የሚፈነዳው እጁ ላይ ነው» አሉ። ልጁ ከዚያ ቀን ወዲህ ፊውዝ ሊገዛ ሲሄድ ቮልቱን ሁለቴ ያነባል።

እኔም አላመለጥኩም። ፓወር ሰፕላያችን (ለሙከራ የፈለግነውን ቮልት የሚሰጠን ዕቃ) ቮልቱን ትንሽ ያዛባል። ከመላኩ በፊት ላስተካክለው ብዬ ካቻቢቴ ሳነሳ ቀሙኝ። «መጀመሪያ እንዳለ ይለካ። አሁን ካስተካከልከው እስከዛሬ ስንት ስትሳሳት እንደኖርክ በምን ታውቃለህ?» አሉኝ። አላሰብኩትም ነበር። የፊውዞቹን ቅያሪ እንኳ በወረቀት አስጻፉኝ።

የቀረው ቀላል ነው። ሳጥኖቹን በትንሹ በረጠበ ጨርቅ ወለወሉ፤ አሴቶን አጠገባቸው አይደርስም። የኦሲሎስኮፑን (የኤሌክትሪክ ሞገድ ማሳያውን) ፕሮቦች፣ ማለትም መለኪያ ገመዶች፣ ቁጥር ለጥፈው አብረው አሸጉ። የምንጠቀምባቸውን መጠኖች ለይተን እንድንጽፍ አደረጉን፤ የማንለካውን ሁሉ አስለክተን ለምን እንክፈል? ማሸጊያው ስፖንጅ ከፍራሽ ሰፊ የተገዛ ቁራጭ ነው።

ሠርተፍኬቱ መጣ። የፓወር ሰፕላዩም ስህተት ቁጭ ብሎ ተጽፏል። በሱ የባትሪ መቁረጫቸውን (ባትሪው ከልክ በላይ ሳይወርድ የሚያቆሙበትን ቮልት) ያስተካከልንላቸውን ሦስት ዩፒኤሶች ከደንበኞች አስመልሰን በነፃ እንደገና ሠራን። ያን ቀን ባስተካክለው ኖሮ አናውቅም ነበር።

ልብ በሉ፣ ጋሼ ካሊብሬሽን አይሠሩም፣ ሠርተፍኬትም አይሰጡም። ያ የላቦራቶሪ ሥራ ነው። እሳቸው ዕቃው በከንቱ ተመላልሶ እንዳይመጣ ያዘጋጁላችኋል። አንድ እንከን አላቸው፤ ለሦስት ሰዓት ቀጥረው በአምስት ይመጣሉ። ክፍያቸው ግን ከጠበቅኩት በታች ነበር፤ ጨምሬ ስሰጣቸው ተቆጡ።

ስልካቸው አደባባይ እንዲወጣ አልፈለጉም። የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አስፈቅጄ እሰጣለሁ። ሲመጡ ቡና ይኑራችሁ፤ ስኳር አይወዱም።