ከ14 ወር በኋላ ስለ ኤርበዴ፦ ለካ ነገሩ ሁሉ ጎማው ላይ ነው

ኤርበዱን (ጆሮ ውስጥ ሚሰካውን ትንሽዬ ማዳመጫ) ከያዝኩት 14 ወር ሞላኝ። በየቀኑ ማለት ይቻላል ጆሮዬ ላይ ነው፣ ጠዋት ስሄድ 45 ደቂቃ፣ ማታ ስመለስ ትራፊኩ እንደፈቀደ፣ መሃል ላይ ኮል አለ፣ ቤት ገብቼ እቃ ሳጥብ ደሞ ፖድካስት አለ። በሁለተኛው ቀን ጻፍ ብትሉኝ ኖሮ ስድብ ነበር ምጽፈው፣ ልመልሰውም ካርቶኑን አዘጋጅቼ ነበር። ብራንዱን ሆን ብዬ አልጠራውም፣ ሞዴሎቹ በየዓመቱ ይቀያየራሉ፣ እኔ ማውራት የፈለኩት ደሞ የትኛውንም ብትገዙ ሚገጥማችሁን ነገር ነው። ለማወቅ ያህል ግን ገመድ አልባ ነው፣ ጫፉ ላይ ባለው ለስላሳ ጎማ ጆሮን ሚደፍነው አይነት፣ ኖይዝ ካንስሊንግ (የውጪውን ጫጫታ ሚቀንስ ነገር) አለው፣ ዋጋው ከርካሾቹ ከፍ ከውዶቹ ዝቅ ያለ።

ከመግዛቴ በፊት ሶስት ሳምንት ሙሉ ስፔክ ሳነጻጽር ነበር። ድራይቨሩ (ድምፅ ሚያወጣው ትንሹ ስፒከር) 10 ሚሊ ነው ወይስ 11፣ ኤልዲኤሲ (ድምፅን በብሉቱዝ በተሻለ ጥራት ሚልክ ዘዴ) አለው የለውም፣ ብሉቱዙ 5 ነጥብ ስንት ነው፣ ምናምን። ከዛ መጣ፣ ከፈትኩት፣ ጆሮዬ ውስጥ ከተትኩት፣ ሙዚቃ ከፈትኩ፣ ቆርቆሮ። በቃ ቀጭን ቆርቆሮ። ባስ ሚባል ነገር የለም (የድምፁን ባስ፣ ወፍራሙን ነው ምላችሁ፣ ሌላኛው ባስማ ውስጡ ተቀምጬ ነበር)። ኢኳላይዘሩ (የድምፁን ውፍረትና ቅጥነት ማስተካከያው) ላይ ባሱን ጣራ አደረስኩት፣ ምንም። ተናድጄ ቀኙን በጣቴ ገፋ ሳረገው ግን ጉድ ፈላ፣ ከየት መጣ ሳልል ዱም ዱም ማለት ጀመረ፣ ጣቴን ስለቅ ደሞ እልም።

ሲገባኝ ነገርየው ቀላል ነው። ወፍራሙ ድምፅ እንዲሰማን በጎማውና በጆሮ ታምቡር መሃል ያለው አየር መታፈን አለበት፣ ትንሽ ክፍተት ካለ ግፊቱ በዛች ሾልኮ ይወጣል፣ ቀጭኑ ድምፅ ግን ብዙም ስለማይነካው ሚቀራችሁ ሲጢጥ ሚለው ብቻ ነው። ካርቶኑ ውስጥ ሶስት ሳይዝ ጎማ ነበር፣ ተገጥሞ ሚመጣው መካከለኛው ነው፣ እኔም እንደማንኛውም ሰው መካከለኛ ነኝ ብዬ ዝም አልኩ። ግራ ጆሮዬ እውነትም መካከለኛ ነው፣ ቀኙ ግን ትልቁን ነው ሚፈልገው። ሁለት ጆሮዬ እኩል እንዳልሆነ በዚህ እድሜዬ ነው ያወኩት እንግዲህ። ስለዚህ አዲስ ስትገዙ ያንን የጣት ሙከራ አርጉት፣ ገፋ ስታረጉት ባሱ ከጨመረ ጎማው ልካችሁ አይደለም ወይ በደንብ አልገባም። ደሞ ዝም ብላችሁ አትወትፉት፣ በሌላኛው እጅ ጆሯችሁን ወደላይና ወደኋላ ሳብ አርጉና ትንሽ እያዞራችሁ አስገቡት፣ የጆሮ ቀዳዳ ቀጥ ያለ ቱቦ አይደለም፣ ጠመዝማዛ ነገር ነው።

በሶስተኛው ወር ስፖንጅ የሆነውን ሞከርኩ፣ ያ በጣት ሲጨመቅ ሚኮማተረውና ጆሮ ውስጥ ሲገባ ቀስ ብሎ ሚነፋውን። ውጪውን ድምፅ በመዝጋት አብሮት ከመጣው የሲሊኮን ጎማ ይበልጣል፣ ባሱም ወፈር ይላል፣ ግን ሹል ሹል ያሉትን ድምፆች ትንሽ ይውጣቸዋል። ችግሩ ያልቃል። ላብ ይጠጣል፣ ይቆሽሻል፣ ከጥቂት ወር በኋላ ተጨምቆ እንደተጨመቀ ይቀራል፣ እንደ ሲሊኮኑ በሳሙና ውሃ አጥባችሁ ምትመልሱት አይደለም። ሌላው ማንም ያልነገረኝ ነገር፣ ረዘም ያለ ስፖንጅ ከሆነ ኬዙ (ማስቀመጫውና ቻርጅ ማረጊያው) አይዘጋም፣ የተዘጋ መስሏችሁ ጠዋት ስታዩት ቻርጅ ሳያረግ አድሯል። እኔ ሁለት ዙር ከቀየርኩ በኋላ ወደ ሲሊኮን ተመለስኩ፣ ለረጅም ጉዞ ብቻ አንድ ጥንድ ስፖንጅ አስቀምጫለሁ።

ኖይዝ ካንስሊንጉን በተመለከተ ብዙ ሰው ሚጠብቀው ሌላ ነው። እኔም ስከፍተው ዓለም ጸጥ ሚል መስሎኝ ነበር። የአውቶብሱን ሞተር፣ የባቡሩን ጉርምርምታ፣ የአየር ማቀዝቀዣውን እፍታ፣ እነዚህን እውነትም ያጠፋቸዋል፣ ስትዘጉት ነው ምን ያህል ጫጫታ ውስጥ እንደነበራችሁ ምታውቁት። ከኋላዬ ተቀምጦ በስልክ ሚጨቃጨቀውን ሰውዬ ግን አላጠፋውም፣ እንዲያውም ሞተሩ ስለጠፋ ሰውዬው ጠርቶ ተሰማኝ። ምክንያቱ አሰራሩ ነው፣ ማይኩ የውጪውን ድምፅ ይሰማል፣ ከዛ የሱን ተቃራኒ ሞገድ ሰርቶ ያጋጨዋል፣ ይሄ ደሞ ሚሰራለት ለወፍራምና ሳይቆራረጥ ለሚመጣ ድምፅ ነው፣ ንግግር ግን ቀጭንም ነው ቶሎ ቶሎም ይለዋወጣል። ንግግሩን ሚዘጋው ጎማው ነው። ዞሮ ዞሮ ጎማው። የመጀመሪያ ሰሞን ደሞ ጆሮዬን እንደ አውሮፕላን ውስጥ ደፈን ያረገኝ ነበር፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ለመድኩት፣ ሁሉም ሰው ግን አይለምደውም። ንፋስ ባለበት ስሄድ አጠፋዋለሁ፣ ንፋሱ ማይኩን ስለሚመታው ጭራሽ ያልነበረ ፉፉታ ያመጣል።

ትልቁ ጥቅሙ ለኔ ሌላ ነው። በድሮው ጆሮ ላይ ብቻ ሚንጠለጠል ማዳመጫ ሞተሩን ለመብለጥ ቮልዩሙን እስከመጨረሻው ነበር ምከፍተው፣ ማታ ቤት ስገባ ጆሮዬ ጭው ይል ነበር። አሁን ግማሽ ላይ ይበቃኛል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው ሚያስቀምጠው ገደብ 80 ዴሲቤል ከሆነ በሳምንት 40 ሰዓት ነው፣ እና በየ3 ዴሲቤሉ ጭማሪ ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል፣ ማለትም 83 ላይ 20 ሰዓት፣ 86 ላይ 10፣ 89 ላይ 5 ብቻ። የኔ ጉዞ ብቻውን በሳምንት ስምንት ሰዓት አካባቢ ነው፣ ሂሳቡን ስሰራው ደነገጥኩ። ስልካችሁ ሴቲንግ ውስጥ የድምፅ መጠን ሚቆጣጠር ነገር ካለ ከፍታችሁ እዩት።

ያ ሁሉ የተባለለት ኤልዲኤሲስ? ቤት ውስጥ ጸጥ ባለ ሰዓት አንዳንድ ሙዚቃ ላይ ልዩነት አለ ብዬ ራሴን አሳምኛለሁ። መንገድ ላይ ግን ዓይኔን ጨፍኜ ከኤኤሲ (ከተለመደው የብሉቱዝ ድምፅ መላኪያ) መለየት አቃተኝ። እንዲያውም ኤልዲኤሲውን ትልቁ ጥራት ላይ፣ በሰከንድ 990 ኪሎቢት ላይ ካረግኩት ሰው የተጨናነቀበት ጣቢያ ስደርስ ይቆራረጣል፣ ብሉቱዝ ከዋይፋይ ጋር 2.4 ጊጋኸርትዝ ላይ ስለሚጋፋ፣ የሰው ገላ ደሞ አብዛኛው ውሃ ስለሆነ ያንን ሲግናል ይውጠዋል። ስልኬን ከኋላ ኪስ ወደ ፊት ኪስ ማዛወሬ ራሱ ለውጥ አመጣ ብላችሁ ታምናላችሁ? አሁን አውቶማቲክ ላይ ትቼዋለሁ፣ ሲብስ ራሱ ወደ 330 ይወርዳል፣ አይታወቀኝም። ለጌም ግን አትመኩበት፣ ድምፁ ዘግየት ይላል።

እግር ላይ ስሆን ያልጠበኩት ነገር የራሴ ኮቴ ነው። ጆሮ ሲደፈን በአጥንት በኩል ሚመጣው ድምፅ መውጫ ስለሚያጣ እያንዳንዱ እርምጃ ጭንቅላት ውስጥ ዱብ ዱብ ይላል፣ ማስቲካ ማኘክማ አይታሰብም። ሙዚቃ ሲኖር ይረሳል፣ ንግግር ስሰማ ግን ያስጠላል። መንገድ ስሻገር የውጪውን ድምፅ ሚያስገባውን ሞድ እከፍታለሁ ወይ አንዱን አወጣለሁ፣ ይሄንን የተማርኩት አንድ ሳይክል ከኋላዬ ደውሎ ደውሎ ሊጨፈልቀኝ ከደረሰ በኋላ ነው፣ ልጁ የተናገረኝን አልሰማሁትም፣ አፉ ሲንቀሳቀስ ግን አይቻለሁ።

ኮል ላይ ቤት ውስጥ ከሆንኩ ምንም አይልም። ውጪ ግን ታናሽ እህቴ "ጉድጓድ ውስጥ ነው እንዴ ያለኸው?" ትለኛለች፣ ማይኩ ጆሮ ጋር ነው፣ አፍ ደሞ ሌላ ቦታ፣ መሃሉ ላይ ያለውን ጫጫታ ሊያጣራ ሲሞክር ድምፄንም አብሮ ይቆርጠዋል።

በዘጠነኛው ወር ግራው ድምፁ ቀነሰ። ሞተ ብዬ አዘንኩ፣ ሪሴት አረኩት፣ ከስልኩ አጥፍቼ እንደገና አገናኘሁት፣ ባላንሱ ተዛብቶ ይሆናል ብዬ ሴቲንጉን በረበርኩ፣ አዲስ መፈለግም ጀምሬ ነበር። ኩክ ነው! የጆሮ ኩክ ወንፊቱን ደፍኖት። ያሳፍራል ግን ልንገራችሁ፣ ጎማውን አወጣችሁ፣ ቀዳዳውን ወደ መሬት ደፍታችሁ በደረቅ ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ታራግፉታላችሁ፣ ቀና አርጋችሁ ከቦረሻችሁት ወደ ውስጥ ነው ሚገባው። መርፌ አትስደዱበት፣ ወንፊቱን ትበሱታላችሁ፣ ፈሳሽም አታፍሱበት። አሁን በየሁለት ሳምንቱ አራግፈዋለሁ።

ባትሪው እውነተኛው ሀዘኔ ነው። ሲገዛ ኖይዝ ካንስሊንጉ እየሰራ ወደ አምስት ሰዓት ተኩል ይቆይ ነበር፣ አሁን ግራው አራት ሰዓት ገደማ፣ ቀኙ ከሶስት ትንሽ አለፍ ይላል። ቀኙ ለምን ቀደመ ካላችሁ ኮል ማወራው በሱ ብቻ ስለሆነ ነው፣ ይሄን ቀድሜ ባውቅ እያፈራረኩ እጠቀም ነበር። ውስጡ ያለችው ባትሪ በጣም ትንሽዬ ሊቲየም ነች፣ ቻርጅ ተደርጋ ባለቀች ቁጥር ትደክማለች፣ ሙቀት ደሞ ያፋጥንባታል፣ እኔ ኬዙን መኪና ውስጥ ፀሐይ ላይ ረስቼው አውቃለሁ። የባሰው አትቀየርም፣ ሁሉም ነገር በማጣበቂያ የታሸገ ነው። ስለዚህ ገመድ አልባ ስትገዙ ከሁለት ሶስት ዓመት በኋላ ሚደክም ነገር እየገዛችሁ እንደሆነ አስባችሁ ዋጋውን መዝኑት።

ዝናብ ላይ ችግር አላየሁም፣ የውሃ መቋቋም ደረጃው አይፒኤክስ 4 ነው፣ ያ ማለት ከየአቅጣጫው ሚረጭ ውሃን ይችላል እንጂ ውሃ ውስጥ ይነከራል ማለት አይደለም፣ ኬዙን ደሞ አይመለከትም። ኤክስ ሚለው ፊደል የአቧራው ሙከራ አልተገለጸም ማለት ነው፣ እኔ አቧራ ይችላል ማለት ይመስለኝ ነበር።

ቦርሳዬ ውስጥ ባለ ገመዱም አለ። በጣም ርካሽ ነው፣ ቻርጅ አይፈልግም፣ ለድምፅ ብቻ ከሆነ ከገመድ አልባው ብዙም አያንስም፣ እንዲያውም አንዳንድ ቀን ይሻለኛል። ግን ገመዱ ልብስ ሲነካ ኮሽኮሽታው ቀጥታ ጆሮ ውስጥ ይገባል፣ ከጆሮ በላይ አዙራችሁ ካረጋችሁት በጣም ይቀንሳል፣ የሰው ቦርሳ ሲጠልፈው ግን መፍትሄ የለውም፣ አንድ ቀን አንዲት ሴትዮ ስትወርድ ጆሮዬን ይዛብኝ ልትሄድ ነበር። የስልክ ጃክ (ገመዱ ሚሰካበት ክብ ቀዳዳ) ደሞ እየጠፋ ነው፣ ከአይፎን 7 ወዲህ፣ ማለትም ከ2016 እንደ ፈረንጆቹ፣ ሌሎቹም ተከተሉ፣ ስለዚህ ታይፕ ሲን ወደ ጃክ ሚቀይር አዳፕተር ያስፈልጋል፣ እሱ ደሞ ከሁሉ ቀድሞ ሚጠፋው እቃ ነው፣ እስካሁን ሁለት ጥያለሁ።

ቀኙ ከሁለት ሰዓት በታች ሲወርድ ሌላ እገዛለሁ። ያኔ ድራይቨሩ ስንት ሚሊ ነው ብዬ አልጠይቅም፣ መጀመሪያ ማየው ካርቶኑ ውስጥ ስንት ሳይዝ ጎማ እንዳለና ጎማው ሚሰካበት አፉ ሌላ ጎማ ሚቀበል መሆኑን ነው፣ አንዳንዱ ሞላላ አፍ ስላለው ከራሱ ውጪ አይቀበልም። እስከዛው ግራ መካከለኛ፣ ቀኝ ትልቅ፣ ኬዙ ማጠፊያው ላልቷል ግን ይዘጋል።