ድፍኑ ፍሎት ጣና ላይ፦ ከወራት አገልግሎት በኋላ

ጠዋት ደረቅ ሆኖ ሐይቁ ላይ የተቀመጠ ፍሎት (ሞዴል አውሮፕላን ውሃ ላይ የሚያርፍበት ባዶ ተንሳፋፊ) ከጥቂት በረራ በኋላ አፍንጫው ወደ ላይ ሲደረግ ጭራው ውስጥ ሩብ ሊትር ውሃ ካንኳኳ፣ ማንም ሰው በቅድሚያ የሚፈልገው ስንጥቅ ነው። የዚህን ፍሎት ስንጥቅ በዓይን ማግኘት አይቻልም። ሆዱ ንጹሕ ነው፣ ቀለሙ አልተላጠም፣ መጋጠሚያው ላይ ጥፍር የሚይዘው ነገር የለም። ውሃውን የሚስበው ራሱ ፍሎቱ ነው፤ ያውም ሻጩ እንደ ትልቅ ሙያ በሚያወራለት በድፍንነቱ ምክንያት።

አውሮፕላኑ ባለ ሁለት ደርብ ክንፍ ታይገር ሞዝ ሞዴል ነው፣ ሩብ ስኬል (የእውነተኛው አንድ አራተኛ)፦ ክንፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ 2.23 ሜትር፣ ርዝመቱ 1.82 ሜትር፣ ክብደቱ ከነፍሎቱ ወደ 9 ኪሎ። ፍሎቶቹ ተሠርተው የሚሸጡ የፋይበርግላስ ሲሆኑ 1.42 ሜትር ይረዝማሉ፤ እያንዳንዳቸው ወደ 9 ሊትር ይይዛሉ። ልኩ ትክክል ነው። የፍሎት ርዝመት ከአውሮፕላኑ ርዝመት ከ75 እስከ 80 በመቶ ቢሆን ደኅና ነው፤ ሁለቱ ተደምረው ደግሞ የአውሮፕላኑን ክብደት እጥፍ ያህል መሸከም አለባቸው። ሆዱ ላይ ያለው እርከን ከክብደት ማዕከሉ 2 ሴንቲሜትር ያህል ወደ ኋላ ከዋለ፣ በሁለቱ ፍሎቶች መካከል 55 ሴንቲሜትር ከተተወ፣ ክንፉም ከፍሎቱ ጀርባ አንጻር 3 ዲግሪ ቀና ካለ፣ አውሮፕላኑ ውሃውን ሳይጎተት ይለቃል። ቅርጹ እንከን የለውም። እዚህ ላይ ምስጋናዬን ጨርሻለሁ።

አሁን ወደ ድፍንነቱ። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል ወደ 1,800 ሜትር ከፍ ያለች ከተማ ናት፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻ በአንድ አምስተኛ ገደማ ይቀንሳል። ባሕር ወለል አካባቢ የታሸገ ፍሎት ወደዚህ ሲመጣ ውስጡ የቀረው አየር ወደ ውጭ ይገፋል። ጀርባው 1.4 ሜትር በ15 ሴንቲሜትር ነው ብንል፣ እዚያች ጠፍጣፋ ቦታ ላይ ብቻ የሚያርፈው ግፊት ወደ 4 ኩንታል ይጠጋል። እንዲህ ያለ ስስ የፋይበርግላስ መጋጠሚያ ይህን መቻል ይከብደዋል። አየሩ በፀጉር መግቢያ ታህል ቀዳዳ፣ ፍሎቱን ከአውሮፕላኑ ጋር በሚያያይዘው በኋለኛው እግር ቪስ ዙሪያ ወይም በውሃ መሪው ዘንግ በኩል መውጫ ያበጃል። ስለዚህ «ድፍን» ተብሎ የተሸጠው ዕቃ ካርቶኑ ከመከፈቱ በፊት ድፍንነቱ አብቅቷል።

ከዚያ ፀሐዩ ይቀጥላል። ጀርባው ጥቁር ግራጫ የተቀባ ፍሎት ዳር ላይ ተቀምጦ ሲቆይ ውስጡ 45 ዲግሪ ቢደርስ አይገርምም። 25 ዲግሪ ውሃ ላይ ሲያርፍ አየሩ በ6 በመቶ ይኮማተራል፤ ከ9 ሊትር ላይ ይህ ከግማሽ ሊትር በላይ ነው። የጎደለውን የሚሞላ ነገር ከየትም መምጣት አለበት፤ ቀዳዳዎቹ ደግሞ አውሮፕላኑ ቆሞ ሳለ ውሃ ውስጥ የሚጠልቀው ጭራ ላይ ናቸው። ቀዳዳው ጠባብ ስለሆነ ሁሉም ባንዴ አይገባም፤ ግን ፍሎቱ ዳር ወጥቶ በሞቀና ተመልሶ በቀዘቀዘ ቁጥር ትንሽ ትንሽ ይጨምራል።

«ትንሽ ውሃ ምን ያደርጋል?» ለሚል ሻጭ ስሌቱ እነሆ። በእያንዳንዱ ፍሎት 300 ግራም ውሃ፣ ከክብደት ማዕከሉ 50 ሴንቲሜትር ወደ ኋላ ቢቀመጥ፣ የአውሮፕላኑ ማዕከል ወደ 3 ሴንቲሜትር ያፈገፍጋል። የክንፉ ስፋት 33 ሴንቲሜትር ነው፤ አንድ አስረኛ ሊሞላ ምንም አልቀረው። ያን ያህል ጭራው የከበደ አውሮፕላን መሪውን በጥቂት ነካ ሲያደርጉት ይዘላል፣ ፍጥነት ሲቀንስ ሳያስጠነቅቅ ይወድቃል። አፍንጫው ቀና ሲል ውሃው የበለጠ ወደ ኋላ ስለሚሮጥ፣ የሚባባሰው ልክ ከውሃው በተነሣበት ሰዓት ነው።

ፍሎቱ ውስጡ ሁለት ግድግዳ አለው፤ ግን ለማቅለል ተብሎ ተቦርቡረዋል። የሰው መጫኛ አውሮፕላን ፍሎት በቆየው የአሜሪካ ደንብ መሠረት ቢያንስ አራት ውሃ የማያስተላልፉ ክፍሎች ነበሩት። እዚህ ግን ከአፍንጫ እስከ ጭራ አንድ ቤት ነው፤ ግድግዳ ተብሎ የተከፈለበት ገንዘብ ምን ላይ እንደዋለ አላውቅም።

«ሲሊኮን ቀቡት» የሚለው ምክር ብቻውን አይሠራም። አንዱ ሲዘጋ መሳቡ በቀረው ላይ ይበረታል፤ የሞተሩ ንዝረት ደግሞ አዲስ መክፈቱ አይቀርም። ፍሎቱ የሚያስፈልገው መተንፈሻ ነው። በጀርባው ላይ፣ ከፊተኛው እግር ሥር፣ የግሉኮስ ቱቦ ጥብቅ ብሎ የሚገባበት ቀዳዳ፣ 4 ሚሊሜትር ገደማ፣ በትራፓኖ ይበሳል። ቱቦው በኢፖክሲ (ሁለት ፈሳሽ ተቀላቅሎ በሚጠነክር ሙጫ) ይያዝና እግሩን ይዞ እስከ አካሉ ድረስ ይወጣል፤ ጫፉ ወደ ታች ይቆለመማል፣ አለዚያ ፕሮፔለሩ የሚረጨው ውሃ ይገባበታል። ማፍሰሻው ሌላ ቀዳዳ ነው፤ ጭራው ጫፍ ላይ፣ በጀርባው በኩል፣ 6 ሚሊሜትር፣ በጎማ ውታፍ የሚዘጋ። ከሆድ በኩል የሚበሳው ሰው ችግሩን በእጁ ገዛው።

ቪሶቹ ወጥተው ቀዳዳቸው በኢፖክሲ ይሞላል፣ ሲደርቅ እንደገና ይበሳል፣ ቪሱ በጎማ ሮንዴላ ይታሰራል። የውሃ መሪው ዘንግ ቱቦ በግሪስ ይሞላ። ፍተሻው ቀላል ነው፦ መጋጠሚያውን የሳሙና አረፋ ቀብቶ በግሉኮስ ቱቦው በአፍ መንፋት። አረፋ የሚነፋበት ቦታ ሁሉ ቀዳዳ ነው። በአፍ ብቻ! ጎሚስታ ቤት ወስዶ በኮምፕሬሰር የሚያስነፋ ሰው ሁለት ግማሽ ፍሎት ይዞ ነው የሚመለሰው።

ከእርከኑ በኋላ ያለው የፍሎቱ ክፍል በፎም ቢሞላ ደግሞ ይመረጣል። ጀርባው ላይ 8 በ12 ሴንቲሜትር መስኮት ይቆረጥና ከቴሌቪዥን ካርቶን የሚወጣው ነጭ ፎም ተቆራርጦ ይገባል፤ 3 ሊትር ፎም ከ60 ግራም ብዙም አይበልጥም። አየሩ ሲያንስ የሚኮማተረውም ያንሳል፣ ውሃውም መተኛ ያጣል። የደንገል ታንኳ አንድም ድፍን ቤት ሳይኖረው የሚንሳፈፈው በዚሁ መላ ነው። መስኮቱ ሲዘጋ ኢፖክሲ እንጂ ፖሊስተር የተባለው የፋይበርግላስ ሙጫ እንዳይነካው፤ ፖሊስተር ነጩን ፎም ያሟሟዋል። ከጣሳ የሚረጨው አረፋ ደግሞ ሲያብጥ ሆዱን ያጣምመዋል፣ ውሎ አድሮም ውሃ ይጠጣል።

ከማፍሰሻው በቀር መተንፈሻ መብሳት የማይፈልግ ሰው ቢያንስ ጀርባውን ነጭ ይቀባ፤ ስኬል ተበላሸ የሚል ካለ ይበል። ከበረራ በፊትም የኋላ ውታፉን ከፍቶ ጭራውን በእጁ ቀና አድርጎ ይዞ ሆዱን ውሃው ላይ ያቀዝቅዝ፣ ከዚያ ይዝጋ። ይህ ግን ሰው ብርቱ ሆኖ በየበረራው ካልረሳ ነው። የወጥ ቤት ሚዛን አይዋሽም፤ ፍሎቱ በደረቁ ስንት ግራም እንደነበር ጀርባው ላይ በማርከር ተጽፎ ቢቀመጥ ጥሩ ነው።

ስለ ሌላው ጥቂት። በዚህ ከፍታ አውሮፕላኑ ከውሃ ለመነሣት በባሕር ወለል ከሚያስፈልገው ፍጥነት 10 በመቶ ያህል ይጨምራል፤ ሞተሩም ይደክማል፣ ስለዚህ የሻጩን «ይበቃል» አለማመን ነው። ከሰዓት በኋላ ሐይቁ ሲናወጥ አለመሞከር። እምቦጭ ያለበት ዳር የውሃ መሪውን ወዲያው ይጠልፈዋል፤ ደግነቱ መሪው በላስቲክ የተያዘ ስለሆነ ወደ ላይ ይታጠፋል እንጂ አይሰበርም።

ይህን ፍሎት በዚያ ዋጋ ደግሜ አልገዛም። የተስተካከሉትን ሁለቱን ግን ማንም ቢመጣ አልሸጥም፤ ቅርጹን በእጅ ሠርቶ እዚህ ማድረስ የክረምት ሙሉ ሥራ ነው። የሚገዛ ሰው ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት ሻጩን መተንፈሻው የት እንደሆነ ይጠይቅ። «አያስፈልገውም፣ ድፍን ነው» ካለ፣ የትራፓኖና የኢፖክሲውን ወጪ ከዋጋው ላይ ያስቀንስ።