የሲንክሌር ማስያን ሞከርኩት፦ 62 ኪሎና 94 ኪሎ ሲፎካከሩ

በመጀመሪያ ምሳ እንዴት እንዳስከፈለኝ ልንገራችሁ። ነገሩ የሆነው 2015 ዓ.ም. ላይ ነው። ጂም አብሮኝ የሚሠራ ጓደኛ አለኝ፤ እሱ 94 ኪሎ፣ እኔ 62። ሁለቱን የክብደት ማንሳት ዓይነቶች፣ ስናችና ክሊን ኤንድ ጀርክ እንሠራለን። ስናች ባሩን ከወለል በአንድ ጊዜ ከአናት በላይ ማድረስ ነው። በሌላው ደግሞ መጀመሪያ ትከሻ ላይ ታሳርፉትና ከዚያ ወደ ላይ ትገፉታላችሁ። የሁለቱ ምርጥ ሲደመር እሱ 189 ኪሎ፣ እኔ 150። "በ39 ኪሎ በልጬሃለሁ" ይላል እሱ። "ሰውነትህም እኮ ከኔ በ32 ኪሎ ይበልጣል" እላለሁ እኔ። ክርክሩ አላልቅ ሲል ተወራረድን። ስልኩ ላይ ክብደታቸው የተለያየ አንሺዎችን በነጥብ የሚያወዳድር አንድ ነፃ የሲንክሌር ማስያ አፕ ጫነና ቁጥራችንን ሞላን፦ እሱ 214.7፣ እኔ 213.6። በአንድ ነጥብ ተሸንፌ ጥብስ ጋበዝኩ።

ማስያው የተሰየመው በካናዳዊው የሂሳብ ሰው በሮይ ሲንክሌር ነው። አጠቃቀሙ ቀላል ነው። ፆታችሁን፣ ክብደታችሁንና ድምራችሁን ትሞላላችሁ፤ እሱ ድምሩን በአንድ ቁጥር ያበዛዋል። ሰውየው በቀለለ መጠን ማባዣው ይተልቃል፤ በጣም ግዙፉ ጋ ሲደርስ 1 ይሆናል። በሌላ አነጋገር፣ ይሄው ችሎታህ እንዳለ ሆኖ እንደነዚያ ግዙፎቹ ብትከብድ ስንት ታነሳ ነበር ነው ጥያቄው።

"ለምን ዝም ብለን ለሰውነት ክብደት አናካፍልም?" የሚል አይጠፋም። እኔም እንደዚያ አስብ ነበር። ግን አያስኬድም፤ ሰው ሲገዝፍ ጉልበቱ በክብደቱ ልክ አያድግም። ቱርካዊው ናይም ሱሌይማኖግሉ በ1988ቱ የሴኡል ኦሎምፒክ በ60 ኪሎ ምድብ በድምር 342.5 ኪሎ አነሳ፤ የክብደቱን 5.7 እጥፍ ማለት ነው። ግዙፉ ጆርጂያዊ ላሻ ታላኻድዜ በቶኪዮ ኦሎምፒክ በድምር 488 ሲያነሳ ግን የክብደቱን ሦስት እጥፍ እንኳን አይሞላም። ታዲያ በክሊን ኤንድ ጀርክ 265 ኪሎ ከአናቱ በላይ ያቆመ ሰው የናይም ግማሽ ነው ሊባል ነው? በፍጹም።

ማስያውን የወደድኩት የቶኪዮን ውጤቶች ስሞላበት ነው። ላሻን 177 ኪሎ ብዬ አስገባሁ፤ 489 ሰጠኝ። ቻይናዊው ሺ ዢዮንግ በ73 ኪሎ ምድብ 364 ነበር ያነሳው። እሱን ስሞላ 490.7 ወጣ! መድረኩ ላይ በመካከላቸው 124 ኪሎ አለ፤ እዚህ ግን ትከሻ ለትከሻ ናቸው። ሴቶቹም ጋ እንደዚያው ነው። ለፊሊፒንስ የመጀመሪያውን የኦሎምፒክ ወርቅ ያመጣችው ሂዲሊን ዲያዝ በ55 ኪሎ ምድብ 224 አንስታ 321.5 ሆነች። 320 ያነሳችውን ግዙፏን ቻይናዊት ሊ ዌንዌንን 150 ኪሎ ብዬ ስሞላት ደግሞ እዚያው 320 ላይ ቆመች። ቁጥሮቹን እያየሁ እስከ እኩለ ሌሊት ቁጭ አልኩ።

አሁን ወደ ችግሩ። ናይምን በጓደኛዬ አፕ ስሞላ 499፣ በሌላ ማስያ ስሞላ 527 መጣ። ያው ሰው፣ ያው ድምር! ግራ ገብቶኝ ሳጣራ ማባዣው በየኦሎምፒኩ ዑደት እንደሚታደስ ገባኝ። የሚሰላው ከዓለም ምርጥ ድምሮች ስለሆነ፣ እንደ ላሻ ያለው ጣሪያውን ከፍ ሲያደርግ ስሌቱም ይቀየራል። ያ አፕ የሚሠራው እ.ኤ.አ. በ2017–2020 ቁጥር ነበር፤ ሌላው፣ የቶኪዮዎቹን ያሰላሁበት፣ የ2021–2024ን ይዟል። የእኛን በአዲሱ ስሞላው እሱ 222.7፣ እኔ 225.3! አሸናፊው ተገለበጠ። ጓደኛዬ ሦስት ጊዜ ደጋግሞ ሞላው፤ ያው ነው። በሳምንቱ ጥብሱን እሱ አዘዘ።

ስለዚህ አፕ ስትጭኑ መጀመሪያ የየትኛው ዑደት ቁጥር እንደሆነ እዩ። ካልጻፈ ተዉት፣ ነፃ ቢሆንም። አሁን የምጠቀምበት ዑደቱን ራሴ እንድመርጥ ስለሚያደርግ ተመችቶኛል።

የሮቢ ነጥብ የሚባል ሌላ ስሌትም አለ፤ ለቶኪዮ ማጣሪያ ያገለገለው እሱ ነው። የምድቡን የዓለም ሪከርድ የደረሰ 1000 ያገኛል። የሪከርዱን ግማሽ ያነሳ ግን 500 እንዳይመስላችሁ፤ 100 ብቻ ነው። ለዓለም አቀፍ ተወዳዳሪ ጥሩ ነው። የጂም ሰውን ግን ተስፋ ያስቆርጣል፤ ሪከርዱ ደከም ያለበት ምድብ ላይም ነጥቡ ይረክሳል።

ሲንክሌርም እንከን አለው። የተቀመረው ከምርጦች ውጤት ስለሆነ ለጀማሪ ግምት ብቻ ነው። የወንዱና የሴቷ ስሌት ለየብቻ ስለሆነ ባልና ሚስት እንዳትከራከሩበት። ዕድሜንም አያይም፤ የ50 ዓመት ሰውን ከ20 ዓመት ልጅ ጋር በዚህ ብቻ መመዘን ግፍ ነው። የሰውነት ክብደትም በግምት አይሞላም፤ በኔ ክብደት አንድ ኪሎ ብትሳሳቱ ከአንድ ነጥብ በላይ ይሄዳል፣ እኛ ደግሞ በአንድ ነጥብ ነው ምሳ የምንከፍለው።

አሁን በወሩ የመጨረሻ ቅዳሜ ሁለታችንም ሚዛን ላይ ወጥተን እናነሳለን። ነጥባችን ከዲስኮቹ መደርደሪያ በላይ በተለጠፈች ወረቀት ላይ ይጻፋል። ባለፈው ወር በ0.8 ቀድሞኛል። የፊታችን ቅዳሜ ስናቼን 67 ላደርገው ነው።