«በ3 ቀን አዲስ ቆዳ» የሚለውን ሴረም እንዳትገዙ

እኔ ተሸውጃለሁ፣ እናንተ ተጠንቀቁ። «ለቆዳ ሕዋስ ምልክት ልኮ በ3 ቀን የሚያጎለምስ» ተብሎ ሦስት ጠርሙስ ሴረም ከሚታሽ ጄል ጋር ገዛሁ።

መጀመሪያ ስለ ጄሉ። ፊቴን ሳሽበት ነጫጭ ፍርፋሪ ረገፈ። ሻጯ «አየሽ፣ አሮጌው ቆዳሽ እኮ ነው!» አለችኝ። ደስ ብሎኝ ነበር፣ አልዋሽም። በማግስቱ ግን ጥርጣሬ ገባኝና የታጠበ ሳህን ጀርባ ላይ አሸሁት። ያው ፍርፋሪ ረገፈ። ጄሉ ራሱ ሲደርቅ እየተጠቀለለ ነው እንጂ ሳህን ምን ቆዳ አለው?

የሴረሙ ነገር ይብሳል። የቆዳ ሕዋስ የሚከፋፈለው ከታች፣ መሠረቱ ላይ ነው። ከዚያ ለቆ ወደ ላይ ሲወጣ ጎረቤት ሕዋስ «ኖች» የሚባለውን ተቀባይ (ሕዋሱ ላይ ያለ ምልክት የሚቀበል ፕሮቲን) ይነካዋል፤ መከፋፈሉን ትቶ እንዲጎለምስ ከሚያደርጉት ምልክቶች አንዱ ይህ ነው። በዙሪያው ያለው ካልሲየምም ወደ ላይ በወጣ ቁጥር ይጨምራል። በዚህ መሐል ሕዋሱ ኬራቲን 5 እና 14 የሚባሉትን የቆዳ ፕሮቲኖች መሥራቱን ትቶ ኬራቲን 1 እና 10 ይሠራል፤ መጨረሻ ላይ ኒውክለሱን (ዲኤንኤ የያዘውን የሕዋሱን እምብርት) ጥሎ ጠፍጣፋና የሞተ ጋሻ ይሆናል። ጉዞው በጤነኛ ሰው አንድ ወር ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ይፈጃል፤ ዕድሜ ሲገፋ ደግሞ ይረዝማል።

በጥቂት ቀን የሚያልቅበት ሁኔታም አለ፤ ስሙ ፕሶሪያሲስ ይባላል። ሕዋሳቱ ሳይጎለምሱ፣ ኒውክለሳቸውን እንደያዙ ላይ ይደርሱና ቆዳው ቀልቶ ቅርፊት ያወጣል። እንግዲህ ማስታወቂያው እውነት ቢሆን ኖሮ የሸጡልኝ በሽታ ነበር ማለት ነው።

ጠርሙሱ ላይ በትልቁ የተጻፈው «ኢጂኤፍ» (የቆዳ ሕዋስ ማሳደጊያ ማለት ነው) ነው። እርግጥ ነው፣ ትክክለኛ ፕሮቲን ነው፤ ያገኘው ስታንሊ ኮኸን በ1986 ከሪታ ሌቪ ሞንታልቺኒ ጋር ኖቤል ተሸልሞበታል። ግን ዋና ሥራው ሕዋስን «ተከፋፈል» ማለት እንጂ «ጎልምስ» ማለት አይደለም። ክብደቱም 6,000 ዳልተን (የሞለኪውል ክብደት መለኪያ) ገደማ ነው፤ ያልቆሰለ ቆዳ ደግሞ ከ500 ዳልተን በላይ የሆነን ነገር እምብዛም አያስገባም። ከኋላ ያለውን ደቃቅ ጽሑፍ ሳነብ ኢጂኤፉ ከሽቶው ቀጥሎ፣ መጨረሻ ላይ ተቀምጧል። የዝርዝሩ ቅደም ተከተል በአብዛኛው በብዛት ነው፤ መጀመሪያ ይህን ባነብ ኖሮ!

በእርግጥ ቆዳ ውስጥ ገብቶ ምልክት የሚሰጥ ነገር አለ። ሬቲኖይክ አሲድ 300 ዳልተን ብቻ ስለሆነ ይገባል፣ ኒውክለሱ ውስጥ ካለው ተቀባይ ጋር ይያያዛል። ለዚህም ነው ሐኪም የሚያዝዘው፤ ያቃጥላል፣ ለውጡ ሳምንታትና ወራት ይወስዳል፣ ነፍሰ ጡር ደግሞ አትጠቀምበትም። በሁለት ሦስት ቀን ፊት የሚያለሰልስ፣ ምን እንደያዘ የማይናገር ክሬም ካጋጠማችሁ ቆዳ የሚያሳሳ ጠንካራ ስቴሮይድ ተደብቆበት ሊሆን ይችላልና ራቁት።

ፊቴ ተቃጥሎ ገንዘቤን ስጠይቅ «የሚያቃጥለው ስለሚሠራ ነው» ተባልኩ። ሁለቱ ጠርሙስ እንደታሸጉ ናቸው ብል «ሳጥኑ ከተከፈተ አይመለስም»። የፕሶሪያሲሱን ነገር ጽፌ ላክሁላት። አነበበችው፤ ከዚያ ቁጥሬን ዘጋችው።