ኤክሴል ወይስ ፓይተን፦ ለዳታ ጋዜጠኛ የትኛው ይሻላል?

ዋጋ፦ ፓይተን (የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ) ነፃ ነው። ኮምፒውተር ላይ የሚጫነው ኤክሴል ይከፈልበታል፤ ጉግል ሺትስ ግን ያለ ክፍያ አብዛኛውን ሥራ ይሸፍናል።

ለመልመድ፦ የኤክሴሉ ፒቮት ቴብል (ረድፎችን በየምድባቸው የሚያጠቃልል ሰንጠረዥ) በአንድ ከሰዓት ይለመዳል። ፓይተን ወራት ይፈልጋል።

ስጋት፦ ዋናው ልዩነት እዚህ ነው። ኤክሴል ሳይጠይቅ ይለውጣል፤ የወረዳ ኮድ «01» «1» ይሆናል፣ «3-5» ደግሞ ቀን። መፍትሔው ፋይሉን በቀጥታ ከመክፈት ይልቅ ከ«ዳታ» ማውጫ ማስገባትና ዓምዱን «ቴክስት» ማድረግ ነው። የድሮው የኤክሴል ፋይል ዓይነት (ኤክስኤልኤስ) 65,536 መስመር ላይ ያበቃል፤ በ2020 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ ውስጥ 15,841 የኮቪድ ተያዦች ከዕለታዊ ሪፖርት የቀሩት በዚሁ ጣጣ ነው። አዲሱ 1,048,576 ይይዛል።

ፓይተንም ንጹሕ አይደለም። ዓምዱ ጽሑፍ መሆኑ ካልተነገረው ፓንዳስም (የፓይተን የሰንጠረዥ መሣሪያ) የ«01»ን ዜሮ ይውጣታል። ግን እያንዳንዱ እርምጃ ተጽፎ ስለሚቀር፣ አርታኢው «ይህ 12 በመቶ ከየት መጣ?» ሲል መልሱ ኮዱ ውስጥ ይገኛል። በኤክሴል ያንን ማስታወስ የጋዜጠኛው ዕዳ ነው።

አማርኛ ሲገባ፦ ለሁለቱም «ሐረር» እና «ሀረር» የተለያዩ ከተሞች ናቸው። ሁለት ሰንጠረዦች በስም ሲያያዙ የሐረር ረድፍ ባዶውን ይመጣል። በፓይተን ሐን እና ኀን ወደ ሀ፣ ፀን ወደ ጸ የሚመልስ ዝርዝር (የእያንዳንዱን ፊደል ሰባት ቅርጾች ይዞ) አንዴ ይጻፋል፤ በኤክሴል አንዱን ፊደል በሌላ የሚተካውን ቀመር፣ «ሰብስቲትዩት» ላይ «ሰብስቲትዩት»፣ መደራረብ ነው፣ አድካሚ።

ለዛሬ ማታ ዜና የሚሆን አንድ ሰንጠረዥ ከሆነ ኤክሴል ይበቃል። በየወሩ በአንድ ዓይነት ቅርጽ ለሚወጣ የዋጋ ግሽበት መረጃ ወይም ለመቶ ፋይሎች ግን ፓይተን።