አር የሚባለውን የስታቲስቲክስ ቋንቋ (ዳታ መተንተኛ ፕሮግራም) 8 ወር ሞከርኩት፣ ያየሁትን ልንገራችሁ

መጀመሪያ ስሙን እንጨርስ። አዎ፣ በኛ ፊደል ሲጻፍ ምን እንደሚመስል አውቃለሁ። እናቴ ለጓደኛዬ በስልክ "ሌሊቱን ሙሉ አር ውስጥ ነበርኩ" ስለው ሰምታ የያዘችውን ስኒ ልትለቀው ነበር። የሰሩት ሰዎች ግን ምንም አያውቁም፣ ሮስ ኢሃካና ሮበርት ጀንትልማን ይባላሉ፣ ኒውዚላንድ ኦክላንድ ዩኒቨርሲቲ ነው የሰሩት፣ አር የሁለቱም ስም የሚጀምርበት የፈረንጅ ፊደል ነው፣ ከሱ በፊት የነበረው ቋንቋ ደግሞ በአንድ ፊደል ኤስ ስለሚባል ቀልድም አለበት። ሳቃችሁን እዚሁ ጨርሱና እንቀጥል።

እኔ የጤና ሰው ነኝ፣ ኮድ የሚባል ነገር በሕይወቴ ነክቼ አላውቅም። ማስተርስ ስማር እንደማንኛውም ሰው በፍላሽ የተቀባበልነውን የክራክ ሶፍትዌር ነበር የምጠቀመው። ዲፌንስ ሊደርስ ሶስት ሳምንት ሲቀረው ላይሰንሱ አለቀ ብሎ አልከፍትም አለኝ፣ ሌላ ክራክ ላወርድ ስል ላፕቶፔ ቫይረስ ጠጣ። ያኔ ነው አንዱ የዶርም ልጅ "ለምን ነጻውን አትሞክርም" ያለኝ። ነጻ ሲባል እውነተኛ ነጻ ነው፣ ሙከራ 14 ቀን ምናምን የለበትም፣ 1.0.0 የሚባለው ቨርዥን ከወጣበት ከ2000 የፈረንጆች የካቲት ጀምሮ እስካሁን ማንም ሰው አውርዶ ይጠቀማል። አርስቱዲዮ የሚባለውን መስሪያ ገጽ ከላዩ ጫኑበት፣ እሱም ነጻው አለው፣ ያለሱ ጥቁርና ነጭ መስኮት ጋር ነው የምትፋጠጡት።

የመጀመሪያው ሳምንት ግን አያድርስ ነው። ዳታዬን ሳልጭን በፊት ዳታ ብዬ ጽፌ፣ የዶላር ምልክት አድርጌ፣ ኤጅ ብዬ ኢንተር ስለው "ኦብጀክት ኦፍ ታይፕ ክሎዠር ኢዝ ኖት ሰብሴቴብል" አለኝ። ይሄ ምን ማለት ነው? ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ለካ ዳታ የሚባል የራሱ ፈንክሽን (አብሮት የተሰራ ትእዛዝ) ቀድሞ አለው፣ እኔ የራሴን ፋይል ስላልከፈትኩ እሱን ፈንክሽን ነው እየቆረጥኩ የነበረው። እንደዛ ብሎ ቢነግረኝ ምን ነበረበት? ኤረሮቹ የተጻፉት ለሚያውቅ ሰው ነው፣ ይሄን ማንም ቢክደኝ አልሰማውም።

አሁን ወደ ሰዎቹ ልምጣ፣ ምክንያቱም ቋንቋውን ያስተማሩኝ እነሱ ናቸው። መጀመሪያ ጥያቄ የጠየቅኩት በእንግሊዝኛ አንድ ትልቅ የጥያቄና መልስ ሳይት ላይ ነው፣ የላፕቶፔን ስክሪን በስልክ ፎቶ አንስቼ "ሚን (አማካይ ማውጫው) አልሰራ አለኝ እርዱኝ" ብዬ ለጠፍኩ። 20 ደቂቃ ሳይሞላ ዘጉት። ተናድጄ ሁለት ሳምንት አልተመለስኩም። በኋላ እዚህ አገር ያለ የቴሌግራም ግሩፕ ገብቼ ያንኑ ፎቶ ስልክላቸው አንድ ልጅ እንዲህ አለኝ፣ "ወንድሜ ፎቶ ላይ ኮድ አይሮጥም፣ ዲፑት አድርገህ ስድስት መስመር ላክልኝ።" ዲፑት ማለት ዳታችሁን ሌላ ሰው ኮፒ አድርጎ የራሱ ማሽን ላይ ሊከፍተው በሚችል ጽሑፍ የምታወጣ ትእዛዝ ናት። አወጣኋት፣ ልልክለት ስል ግን አየሁት፣ ዕድሜዎቹ በሙሉ በጥቅስ ምልክት ውስጥ ናቸው፣ "15"፣ "22"፣ "34" እያለ። ቁጥር ሳይሆን ጽሑፍ ሆነውብኛል። ወደ ኋላ ስሄድ ዳታ ያስገባችው ልጅ አንዲት እናት ዕድሜያቸውን አላስታውስ ሲሏት በቁጥሩ ቦታ "አላውቅም" ብላ ጽፋለች፣ አንዷ ቃል ሙሉውን ኮለም ጽሑፍ አደረገችው። ልጁ መልስ ሳይሰጠኝ ችግሬ ተፈታ። ከዛ በኋላ እዛኛው የፈረንጅ ሳይት ላይም ትንሽ ዳታ፣ የሞከርኩትን ኮድ፣ የመጣውን ኤረር አንድ ላይ አድርጌ ስጠይቅ የሰው ፊት ተቀየረልኝ፣ የማላውቃቸው ሰዎች በነጻ ግማሽ ገጽ ይጽፉልኛል። ሴቶች ከሆናችሁ አር ሌዲስ የሚባል ማህበርም አለ፣ በፈረንጆች 2012 ሳን ፍራንሲስኮ ተጀምሮ ብዙ አገር የተሰራጨ፣ እህቴ ኦንላይን ስልጠናቸውን ገብታ ወዳዋለች።

በጣም የጠቀመኝ ምንድነው ካላችሁ፣ አድቫይዘሬ ናቸው ያሳዩኝ ሳያውቁት። ዲፌንስ አራት ቀን ሲቀረው "ከ15 ዓመት በታች ያሉትን ከዳታው አውጣና ቴብሉን በሙሉ ድገመው" አሉኝ። በክሊክ ቢሆን ሁለት ሌሊት ነው። ስክሪፕቱ (ትእዛዞቼን የጻፍኩበት ፋይል) ላይ አንድ መስመር ጨመርኩ፣ ሩን አልኩት፣ ሰባቱም ቴብል ከነግራፉ ተቀይሮ ወጣ፣ ሄጄ ሽሮዬን በላሁ።

የፈረንጆች 2016ቱን የስነ ሕዝብና ጤና ጥናት ዳታ የምትሰሩ ካላችሁ ደግሞ፣ ሄቨን የሚባለው ፓኬጅ (አር ላይ የሚጨመር መሳሪያ) ፋይሉን እንዳለ ይከፍትላችኋል፣ ሰርቬይ የሚባለው ደግሞ ዌይቱን (የናሙናውን ክብደት) እና ክላስተሩን (ናሙናው የተወሰደበትን አካባቢ) ያስተካክላል። ቪ005 የምትለዋን ዌይት በ1,000,000 ማካፈል እንዳትረሱ። ወሮቹም የተቆጠሩት በኛ አቆጣጠር ስለሆነ ከሌላ አገር ጋር ልታወዳድሩ ከሆነ 92 ወር ጨምሩበት።

የሚያማርረው ኢንተርኔቱ ነው። ታይዲቨርስ የሚባለውን የፓኬጆች ስብስብ ጫን ስትሉት ብቻውን አይመጣም፣ ዘመድ አዝማዱን ሰብስቦ ነው የሚመጣው፣ በሞባይል ዳታ ከሆነ ካርዳችሁን ይጨርሰዋል። ዋይፋይ ያለበት ሄዳችሁ አንዴ ጫኑት፣ ከዛ ያለ ኔትወርክ ይሰራል። አማርኛን በተመለከተ ዊንዶውስ ላይ ከ4.2.0 በታች የሆነ ቨርዥን አትጫኑ፣ "ሀዋሳ" ብላችሁ ስትጽፉ "ሀ"ን <ዩ+1200> እያደረገ ያሳያችኋል። በአዲሱም ቢሆን ግራፍ ላይ ፊደሉ ባዶ ሳጥን ሊሆን ይችላል፣ ራግ በሚባለው ፓኬጅ ሴቭ ሳደርገው ነው የተስተካከለልኝ።

ከ5 ኮከብ 4 ሰጥቼዋለሁ። አንዷን የቀነስኩት በቀን ነው። መጠይቁ ላይ ቀኑ በኛ አቆጣጠር ነው የተሞላው፣ እሱ ግን 02 (የኛን ጥቅምት) ሲያይ የፈረንጅ ፌብሩዋሪ ነው የሚመስለው፣ ስለዚህ የ2013 ጥቅምት 29ና 30 የመጡትን እናቶች በሙሉ፣ የጳጉሜዎቹንም ጨምሮ፣ ባዶ አድርጎ አለፋቸው። መጀመሪያ ቀይሬ ማስገባት የነበረብኝ እኔ ነኝ እሺ። ግን አንድ ኮማ ስረሳ እንደዛ የሚጮህብኝ ፕሮግራም 11 ሰው ውጦ ትንፍሽ አላለም፣ የደረስኩበት የቴብሉ ድምር አልገጥም ብሎኝ በእጄ መቁጠር ስጀምር ነው።