“ዋራንቲ አለው” ተብላችሁ ውድ ሰዓት ከመግዛታችሁ በፊት

ውድ ሰዓት ከሱቅም ይሁን ከቴሌግራም ቻናል ልትገዙ ያሰባችሁ ካላችሁ ብሩን ትራንስፈር ከማድረጋችሁ በፊት ይቺን አንብቧት። ስለ ፎርጅድ ሰዓት አይደለም የማወራው፣ ፎርጅዱንማ አሁን ሁሉም ሰው ነቅቶበታል። እኔ የማወራው ሰዓቱ ኦሪጅናል ሆኖ፣ ካርቶኑም የዋራንቲ ካርዱም ቡክሌቱም ተሟልቶ፣ ዋራንቲው ብቻ ስለሌለበት ሽያጭ ነው። ይሄ ደግሞ ለመንቃት ይከብዳል፣ ምክንያቱም የሚያውቅ ሰው ጋ ወስዳችሁ ብታሳዩት “ኦሪጅናል ነው፣ ይመቻችሁ” ብሎ ነው የሚመልሳችሁ፣ እውነቱንም ነው።

የአክስቴ ልጅ በ2016 ክረምት ላይ ለባሏ የስዊስ ሰዓት ገዛች፣ ብራንዱን አልጠራም፣ የ2 ዓመት ዋራንቲ ከሚሰጡት ነው። ስታዲየም አካባቢ ህንፃ ላይ ያለ ሱቅ ነው፣ ስትገቡ ደህና ሱቅ ነው የሚመስለው፣ ቡና ምናምን ይጋብዛሉ። ዋጋው ዱባይ ሱቅ ከሚጠየቀው እንኳን ቀነስ ያለ ነበር። ሻጩ ካርዱን አውጥቶ በጣቱ እያሳያት “ዋራንቲው ይኸው 2021” አላት፣ ካርዱ ላይም ቁልጭ ብሎ 2021 ተፅፏል። እስቲ አስቡት፣ 2016 ላይ ቆሞ 2021 ሲባል የሰማ ሰው ምን ይላል? ገና 5 ዓመት አለኝ ይላላ! ካርዱ ላይ ያለው ግን የፈረንጅ 2021 ነው፣ እሱም የሚያልቅበት ሳይሆን የጀመረበት ቀን ነው። ማርች 2021 የጀመረ የ2 ዓመት ዋራንቲ ማርች 2023 ላይ አልቋል፣ በኛ 2015 መሆኑ ነው፣ እሷ የሱቁን ደጃፍ ሳትረግጥ ከአንድ ዓመት በላይ ቀድሞ ማለት ነው።

ይሄ የታወቀው ሰዓቱ ወደ ኋላ መቅረት ሲጀምርና ዱባይ የምትሰራ ጓደኛዋ የብራንዱ ሰርቪስ ጋ ስትወስድላት ነው። ካርዱን አዩት፣ ጊዜው አልፏል፣ በክፍያ እንሰራዋለን አሏት፣ አለቀ። እነሱ ላይ ምንም ማለት አይቻልም፣ ካርዱ የሚለውን ነው ያነበቡት። ሱቁ ጋ ተመልሳ ስትሄድ የተሰጣት መልስ ግን ያስቃልም ያናድዳልም፤ “እህቴ፣ እኛ እስከ 2021 ነው አላልንም እኮ፣ 2021 ነው ያልነው።” ደረሰኝ ስትል ደግሞ ደረሰኙ ላይ “የእጅ ሰዓት 1” ብቻ ነው የሚለው፣ ሞዴል የለ፣ ሴሪያል ቁጥር የለ።

አዲስ ሰዓት እንዴት ያረጀ ቀን ያለው ካርድ ይዞ ይመጣል ለሚል ሰው፣ ነገሩ እንዲህ ነው። ውጪ ሀገር ያለ የብራንዱ ህጋዊ ሻጭ ያልተሸጠለት እቃ ሲከማችበት በብዛት አድርጎ በቅናሽ ለነጋዴ ይለቀዋል፣ ወረቀት ላይ ተሸጠ ተብሎ ካርዱ ቀን ይሞላበታል፣ ዋራንቲውም ከዛን ቀን ጀምሮ ይቆጥራል። ሰዓቱ ግን ማንም እጅ ላይ ሳይታሰር መጋዘን ለመጋዘን ሲዞር ይከርምና ፕላስቲኩ ሳይላጥ እኛ ጋ ይደርሳል። ይሄ መንገድ ነው ግሬይ ማርኬት የሚባለው፣ እቃው እውነተኛ፣ መንገዱ ግን ብራንዱ ከፈቀደው ውጪ የሆነ።

ግሬይ ማርኬት ሁሉ ሌብነት ነው እያልኩ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ኦሜጋ የተባለው የሰዓት ብራንድ ኮስትኮ የሚባለውን ትልቅ የሱቅ ድርጅት በዚሁ ጉዳይ ከሶት ነበር፣ ኮስትኮ ወደ 2,000 ዶላር የሚጠጋ የኦሜጋ ሰዓት ከሌላ ሀገር በዞረ መንገድ አስገብቶ በ1,300 ዶላር ገደማ ይሸጥ ነበር። ጉዳዩ በፈረንጅ 2010 ላይ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ ዳኞቹ 4 ለ 4 እኩል ተከፈሉ፣ በኋላ 2015 ላይ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ለኮስትኮ ፈርዶ ተዘጋ። እና መሸጡ በራሱ ያን ያህል ችግር አይደለም፣ ፍርድ ቤት ግን ሰዓቱን ሽጥ ሊል ይችላል እንጂ ፋብሪካውን ለማታውቀው ሰው ዋራንቲ ስጥ አላለም። ቅናሹ የመጣው ከዛ ነው፣ ዋራንቲውን እናንተው ተሸክማችሁ ነው ዋጋው የቀነሰው።

ስለዚ ሻጭ “ዋራንቲ አለው” ሲላችሁ የመጀመሪያው ጥያቄ የማን ዋራንቲ ነው የሚለው ይሁን፣ የፋብሪካው ነው ወይስ የሱቁ? ሁለቱ ሰማይና ምድር ናቸው። የፋብሪካው ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ኢንተርናሽናል ነው፣ ዱባይም ሂዱ ጄኔቫ የብራንዱ ሰርቪስ ያያችኋል፣ ግን ካርዱ በህጋዊ ሻጩ በትክክል የተሞላና ቀኑ ያላለፈ መሆን አለበት። የሱቁ ከሆነ ደግሞ ያ ሱቅ እስካለ ድረስ ብቻ ነው። ፒያሳ ስንት ዓመት የምናውቃቸው ሱቆች በኛ 2016 አካባቢው ሲፈርስ ተነስተው አሁን የት እንደገቡ ፈልጎ ማግኘት ራሱ ስራ ነው፣ ጥፋታቸው አይደለም ግን ቢዝነስ ካርድ ጀርባ ላይ በእስክሪብቶ “1 ዓመት ዋራንቲ” ተብሎ የተፃፈላችሁ ሰዎች ማን ጋ ነው የምትሄዱት? ቻናሉማ ጭራሽ ስሙን ቀይሮ ብሎክ ካደረጋችሁ አለቀ።

የሱቅ ዋራንቲ ዋጋ የለውም ማለቴ አይደለም፣ ውጪም ትልልቅ ግሬይ ሻጮች የራሳቸውን ዋራንቲ ነው የሚሰጡት። ግን ዝርዝሩ ይፃፍ፤ ማሽኑን (ሰዓቱን የሚያንቀሳቅሰውን የውስጥ ክፍል) ይሸፍናል ወይ፣ ሲበላሽ ማን ነው የሚሰራው፣ ኦሪጅናል እቃ ነው የሚገባለት ወይስ ከሌላ ሰዓት የተነቀለ፣ ስንት ጊዜ ይፈጃል። “አታስቡ እኛ አለን” የሚባለው ዋራንቲ አይደለም።

የየብራንዱ ዋራንቲ ስንት ዓመት እንደሆነ እወቁ፣ ምክንያቱም ሻጭ እንደፈለገ ይጠራላችኋል። እነዚህ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ሮሌክስ ከጁላይ 2015 ጀምሮ 5 ዓመት ነው፣ ኦሜጋ ከኖቬምበር 2018 ጀምሮ 5፣ ቱዶር ከ2020 ጀምሮ 5። ካርቲየርና አይደብሊውሲ መነሻው 2 ዓመት ሆኖ ሰዓቱን የብራንዱ ዌብሳይት ላይ ስታስመዘግቡት ወደ 8 ዓመት ይዘልቃል፣ ግን ማስመዝገብ የሚቻለው የመጀመሪያው 2 ዓመት ሳያልፍ ነው፣ እና ያረጀ ካርድ ከገዛችሁ 8ቱም አብሮ ቀረ ማለት ነው። ያገለገለ ሮሌክስ “ሰርቲፋይድ ነው” (ተመርምሮ የተረጋገጠ ነው) የሚላችሁም ይኖራል። የሮሌክስ የራሱ ያገለገሉ ሰዓቶች ፕሮግራም በዲሴምበር 2022 የተጀመረ ነው፣ በህጋዊ ሻጮቹ በኩል ብቻ ነው የሚሸጠው፣ የ2 ዓመት ዋራንቲ አለው። የቴሌግራሙ ሰርቲፋይድ ማን ሰርቲፋይ እንዳረገው እግዜር ይወቅ።

ህጋዊ ሻጭ ነኝ ማለት ደግሞ በጣም ቀላል ነው፣ ባነር ማሰራት ብቻ ነው። ማጣራቱም ግን ቀላል ነው፣ ትልልቆቹ ብራንዶች ዌብሳይታቸው ላይ የሱቅ መፈለጊያ አላቸው፣ ከተማውን ትፅፋላችሁ፣ ሱቁ ከሌለ የለም። “እኛ አዲስ ስለሆንን ገና አልተመዘገብንም” የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ሲመዘገብ እንገናኝ በሉት። የአንድ ብራንድ ወኪል የሆነ ሱቅ ደግሞ ለሁሉም ብራንድ ወኪል አይደለም፣ የአንዱን ሰርተፍኬት ግድግዳ ላይ ሰቅሎ የሌላውን ሰዓት የሚሸጥ ሞልቷል።

ሴሪያል ቁጥሩን ሳታዩ አትክፈሉ። ብራንዶቹ እቃውን ለግሬይ የለቀቀው ሻጭ የትኛው እንደሆነ በሴሪያል ቁጥሩ ነው የሚደርሱበት፣ ስለዚ አንዳንዱ ነጋዴ ቁጥሩን ፍቆ ያጠፋዋል። የተፋቀ ከሆነ ካርዱ ወርቅ ቢሆን የፋብሪካ ዋራንቲ የለም፣ ነገ መልሳችሁ ልትሸጡት ስትሉም የተሰረቀ ነው ተብሎ ነው የሚታየው። አዲሶቹ ሮሌክሶች ላይ መስታወቱ ስር በውስጠኛው ቀለበት 6 ቁጥር ጋ ተቀርፆ ታገኙታላችሁ፣ ብዙዎቹ ሌሎች ደግሞ ጀርባው ወይም ማሰሪያው የሚገባበት እግሩ ላይ ነው። ቁጥሩን ካርዱ ላይ ካለው ጋ ፊደል በፊደል አመሳክሩ፣ የአንዱን ሰዓት ካርድ ለሌላው የሚያጋቡም አሉና። ካርድ ብቻውን ደግሞ ማረጋገጫ አይደለም፣ ካርድም ፎርጅድ ይሰራል፣ ሆሎግራም ምናምን ሁሉ ይዞ።

ዋራንቲው እውነተኛ ቢሆንም የማይሸፍነው ብዙ ነው። ባትሪ፣ ማሰሪያ፣ የተጫረ መስታወት፣ መውደቅ፣ መጥፋት፣ መሰረቅ፣ እነዚህን አብዛኛው ዋራንቲ አይሸፍንም። ውሃ ላይ በተለይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፣ ጀርባው ላይ 30 ሜትር ስለተባለ ሶደሬ ሄዶ አብሮት ይዋኛል። 30 ሜትር ማለት እጅ ስትታጠቡ ቢረጭበት ምንም አይሆንም ነው እንጂ ዋኙበት አይደለም፣ ውሃ እንዳይገባ የሚከለክሉት የውስጥ ጎማዎችም በጊዜ ይደርቃሉ። ማሽኑ ሜካኒካል የሆነ ሰዓት ድንገት በደቂቃዎች መፍጠን ከጀመረ ደግሞ ማግኔት ነክቶት ሊሆን ይችላል፣ ስፒከር ወይ የቦርሳ ማግኔት አጠገብ አድሮ። እሱ ብልሽት አይደለም፣ መሳሪያው ያለው ሰዓት ሰሪ በሰከንዶች ያስተካክለዋል፣ ዝም ብላችሁ ከሻጭ ጋ አትጣሉ።

ዋራንቲው ያላለፈ ሰዓት ከያዛችሁ ግን የትም ከፍታችሁ እንዳታሳዩ። ብራንዱ ያልፈቀደለት ሰው ከከፈተው ወይ ሌላ እቃ ከገባበት ዋራንቲው እዛው ላይ ይሞታል። ይሄን የምለው የኛ ሰዓት ሰሪዎች አይችሉም ብዬ አይደለም፣ ከፒያሳ የድሮ ሰዎች መሀል እጃቸው የተባረከ አሉ፣ እንደውም ዋራንቲ የሌለው ሰዓት ከሆነ እነሱ ጋ ውሰዱት ነው የምለው። ችግሩ ሻጩ ራሱ “ቼክ እናርገው” ብሎ ጀርባውን ሲከፍተው ነው፣ አትፍቀዱ።

ህጉን በተመለከተ፣ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 የገዛችሁት እቃ ጉድለት ከተገኘበት በ15 ቀን ውስጥ ሻጩ እንዲቀይርላችሁ ወይ ብራችሁን እንዲመልስ መጠየቅ እንደምትችሉ ይላል። 15 ቀን ለሰዓት አጭር ናት ግን የገዛችሁ ሰሞን ሳጥን ውስጥ ከማስቀመጥ በየቀኑ እሰሩት፣ ከስልካችሁ ሰዓት ጋ እያስተያያችሁ መዝግቡ፣ ቀን መቁጠሪያውን ሞክሩት። ለሰርግ ብሎ ገዝቶ ሶስት ወር ካርቶን ውስጥ የሚያስቀምጥ ሰው ይቺን መብት እዛው ካርቶን ውስጥ ጨረሳት። ይሄ ሁሉ ግን ደረሰኝ ሲኖር ነው። በግለሰብ አካውንት ትራንስፈር አድርጋችሁ፣ ደረሰኝ ከፈለጋችሁ ቫት ይጨመራል ተብላችሁ የተዋችሁት ከሆነ ምን ይዛችሁ ነው የምትከሱት? ደረሰኙ ላይ ብራንድ፣ ሞዴል፣ ሴሪያል ቁጥር ይፃፍ፣ የደረሰኝ ማሽኑ አላስገባም ካለ በእጅ ተፅፎ ማህተም ይረፍበት።

ታዲያ ግሬይ በፍፁም አይገዛም ወይ? ይገዛል፣ እኔ እንደማየው። ቅናሹ አንድ ሙሉ ሰርቪስ የሚያስከፍለውን ችሎ የሚተርፍ ከሆነ፣ ሰዓቱም የባትሪ ወይ ቀለል ያለ ማሽን ያለው ከሆነ፣ አውቃችሁት እስከገዛችሁ ድረስ ችግር የለውም። ክሮኖግራፍ (እንደ ሩጫ ሰዓት ጊዜ የሚለካ) ወይ ሌላ የተወሳሰበ ነገር ያለበት ከሆነ ግን ሰርቪሱ ስለሚበዛ በ10 ፐርሰንት ቅናሽ ብሎ ዋራንቲ መተው አያዋጣም። እኔን የሚያናድደኝ የዋራንቲውን ዋጋ ጨምሮ ተቀብሎ ዋራንቲ የሌለው የሚሸጠው ነው።

ከዱባይ ሰው የምታስመጡ ደግሞ፣ እዛ ሮሌክስ የሚሸጠው ህጋዊ ሻጭ አህመድ ሲዲቂ የሚባለው ድርጅት ነው፣ ለሌሎቹም ብራንዶች መፈለጊያው ላይ ዱባይ ብላችሁ ታገኛላችሁ። የምትልኩት ሰው ዴይራ (የዱባይ የድሮው ገበያ ሰፈር) ገብቶ በርካሽ አገኘሁ ካላችሁ ከመክፈሉ በፊት የካርዱን ፎቶ ይላክላችሁ፤ ቀኑ የተገዛበት የዛኑ ቀን መሆኑን፣ የሻጩ ስም ወይ ማህተም ካርዱ ላይ የሚገባበት ብራንድ ከሆነም መግባቱን እዩ። ካርዱ ባዶ ከሆነና “ቀኑን እናንተ ስትፈልጉ ሙሉት” ካሉት ጥሩ ሰዎች ስለሆኑ አይደለም፣ ትቶት ይውጣ።